ድንጋዩ ላይ የታየው ነጭ ነገር

እናቴ የወደቀችው በሰኔ፣ በረዶ በጣለበት ቀን ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲያ ለቅሶ ደርሳ እየተመለሰች ነበር። በረዶው እስኪያባራ ድንኳን ውስጥ ጠብቃ ነው የተነሣችው። መንገዱን ሁሉ በደህና መጥታ፣ የግቢያችንን በር አልፋ ሦስት እርምጃ ሳትራመድ እግሯ ከዳት። እኔ መሥሪያ ቤት ነበርኩ። ስደርስ ጎረቤቶች ደግፈው በረንዳ ላይ አስቀምጠዋታል። ነጠላዋ በጭቃ ርሶ፣ ቀኝ እጇን በግራዋ ታቅፋ፣ «ምንም አልሆንኩም» ትላለች። ሐኪም ቤት ስንሄድ ግን አንጓዋ ተሰብሯል ተባለ፤ ጄሶ አሠሩላት።

የምንኖረው እሪ በከንቱ ነው። ግቢው ሁለት ቤት አለው። ታችኛው የእኛ ነው፤ እናቴና እኔ ብቻ ነን። ላይኛው የእትዬ ነው። እትዬ ከወሎ በሙሽርነት መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልብስ እየሰፉ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከቤታቸው ጎን ያለችውን አንዲት ክፍል ያከራያሉ። ከውጭው በር እስከ እኛ ደጃፍ ድረስ በድሮ ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ቁልቁለት አለ። ስንት ሰው እንደረገጠው እንጃ፣ ድንጋዩ እንደ ሳሙና ለስልሷል። ክረምት ሲገባ አረንጓዴ ነገር ይለብሳል። በረዶ ሲጥል ደግሞ ከሁለቱም ቤት ቆርቆሮ ላይ ያለው ተንሸራቶ እዚያው ይቆለላል። አጥሩ ረጅም ስለሆነ ፀሐይ አያገኘውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ደርቆ የእኛ መተላለፊያ ነጭ እንደሆነ ይመሻል።

ድንጋዩን ተከትላ አንድ ክንድ የምትሰፋ መሬት አለች። እሷ የእኔ ናት። ጎመን፣ በሶብላና ጥቂት ጽጌረዳ አለኝ፤ ከሁሉም የምሳሳለት ግን የጤና አዳሙ ቁጥቋጦ ነበር። ሆዱን የቆረጠው የሰፈር ሰው ሁሉ ከእሱ ነበር ቀንጥቦ የሚሄደው።

ሐምሌ ላይ የጤና አዳሙ ቅጠል ከጫፉ መጥቆር ጀመረ። መጀመሪያ ዝናቡ በዝቶበት ነው ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ጎመኑ ጠርዝ ጠርዙን እንደ ወረቀት ተቃጠለ። ዝናብ በዝቶበት የሚሞት ጎመን ቢጫ ሆኖ ይበሰብሳል እንጂ አይቃጠልም። ይኼን ሳስብ ዝናቡ ሁለት ቀን ረፍት ሰጠንና ድንጋዩ ደረቀ። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ላሰጣ ስወጣ በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ላይ ነጭ ነገር ደርቆ አየሁ። በጣቴ ነካሁት፤ ሻካራ ነው። መርዝ ይሆናል ብዬ ቶሎ እጄን በውሃ ታጠብኩ።

እትዬን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት።

«ይኼ ከሰማይ የወረደ አይደለም» አሉኝ። «የሰው እጅ ነው።»

«የማን እጅ?»

«እሱን አላህ ያውቃል። እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ በላዩ አልረግጥም።»

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ ነጩን እየዘለሉ ያልፉ ነበር። የእሳቸው ፍርሃት መተት ነው። እኔ መተት አላምንም። የእኔ ሐሳብ የሄደው እትዬ ክፍል ውስጥ ወዳለው ተከራይ ነው።

ሰውየው ከመጣ አምስት ወር አይሞላውም። ወርቅ ሠሪ ነው። ድሮ ይሠራበትና ይኖርበት የነበረው ቤት ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈርሶበት ነው ወደ እኛ የወረደው። ዕድሜው ከእኔ ጋር ቢቀራረብ ነው፣ ሃምሳን የተጠጋ። ሰላም ይላል፣ አይቆምም። ያን ጊዜ ደግሞ ሰው ሰውን የሚጠረጥርበት ጊዜ ነበር። ግቢ ገብቶ አጥር ቀና ብሎ ያየ ሁሉ «ቤት ለማፍረስ ሊለካ መጣ» ይባላል። አዲስ ሰው ደስ አይልም። እና ወርቅ ሠሪ በአሲድ እንደሚሠራ ማንም ያውቃል። የተረፈውን የት ይደፋዋል? ይኼን ጥያቄ አንዴ ካሰብኩት በኋላ ከራሴ ማውጣት አልቻልኩም።

በማግስቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ መስኮት ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። እናቴ ቀድማኝ ተነሥታ፣ በልማዷ ዳዊቷን ይዛ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ሰውየው ቢጫ ጀሪካን ይዞ ከክፍሉ ወጣ። ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ በእኔ አትክልት በኩል ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ እያለ፣ እንደሚለካ ሰው እየቆጠበ ድንጋዩ ላይ ያፈስ ጀመር። ከላይ እስከ ታች ወረደ። ጀሪካኑ ሲያልቅ ቀና ብሎ ወደ እኛ ቤት አየ። ያ አስተያየቱ ነው የጨረሰኝ። ንጹሕ ሰው እንዲያ አያይም አልኩ።

ወጣሁ።

«እንደምን አደሩ?» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምንድን ነው የሚደፉት?»

«ውሃ ነው።»

«ሐምሌ ላይ ውሃ?»

እንደገና በእኔ ትከሻ አሳልፎ ወደ በረንዳችን አየ። «ድንጋዩን ላጥብ ብዬ ነው» አለና ጀሪካኑን ይዞ ገባ።

በነሐሴ መግቢያ ጤና አዳሙ ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ስነቅለው ሥሩ ሳይቀር ተሰብሮ መጣ። ያን ቀን እሑድ ነበር፤ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ናት። የደረቀውን ግንድ እንደያዝኩ እትዬ ቤት ወጣሁ። ሰውየው በራፉ ላይ ጫማውን እየጠረገ ነበር። ግንዱን ፊቱ አስቀመጥኩት።

«አሲድ ነው የሚደፉት» አልኩ። «እትዬ ይስሙኝ። ይኼ ሰው አሲድ እየደፋብን ነው። ዛሬ አትክልት ነው፣ ነገ የሰው እግር ነው።»

ሰውየው ጫማውን አስቀመጠ። አልተቆጣም። «እህቴ» አለኝ፣ «አሲድ በጀሪካን የሚደፋ ሀብታም ብሆን ኖሮ እሪ በከንቱ አልከራይም ነበር።»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን የአራዳ ቀልዱ ጭራሽ አናደደኝ።

«እንግዲያው በዚያ ጠዋት ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩን።»

«ውሃ ነው ብያለሁ። ከውሃ ሌላ የምነግርዎት የለኝም።»

«የለዎትም ወይስ አይፈልጉም?»

እትዬ ከአንዳችን ወደ ሌላችን እያዩ፣ «ኧረ ቀስ በሉ ልጆቼ» አሉ። በመጨረሻ እሱ ራሱ፣ «በጥርጣሬ ግቢ መኖር አልችልም። ወሩ ሲያልቅ እለቃለሁ» ብሎ ገባ። እትዬ ቅር ብሏቸዋል፤ ኪራዩን በጊዜው የሚከፍል፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ቢሆንም እሳቸውም ነጩን ነገር ፈርተው ነበርና አልለመኑትም።

ለእናቴ ይኼን አልነገርኳትም። የደም ግፊት አለባት፤ ጠብ ከሰማች ሌሊቱን ሙሉ ታብሰለስለዋለች። ሰውየው ሌላ ቤት አግኝቶ ነው የሚለቀው አልኳት። «ሌላ ቤት?» አለች። «ደህና ሰው ነበር» ብላ ዳዊቷን ገለጠች።

ከዚያ የጨው ነገር መጣ። ለግፊቷ ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ካላት ወዲህ ወጡን የምሠራው እኔ ነኝ፤ አንድ ፓኬት ጨው ወር ያልፍ ነበር። ሰሞኑን ግን በሳምንት ያልቃል። መጀመሪያ ባለሱቁን ጠረጠርኩ፤ ጎዶሎ ይሸጥልናል ብዬ። ቀጥዬ እትዬን ጠረጠርኩ፤ እሳቸው ሲቸግራቸው ብቅ ብለው ይወስዳሉ። በኋላ ራሷን እናቴን ጠረጠርኩ። ተደብቃ ጨው ትበላለች አልኩ። አንድ ምሳ ሰዓት እጇን ልትታጠብ ስትነሣ ከሰሃኗ ቀምሼ አየሁ። ምንም የለውም፤ እንደሠራሁት አልጫ ነው። ይኼም አላሳመነኝም። ቤት ጥረጊ ያለችኝ ይመስል መጥረጊያ ይዤ ገባሁና አልጋዋ ሥር አየሁ። ከሳጥኑ ኋላ፣ በቤተ ክርስቲያን ቦርሳዋ ውስጥ፣ አራት ፓኬት ጨው አገኘሁ። አንዱ ተከፍቷል።

ቦርሳውን ይዤ ሳሎን መጣሁ።

«እማዬ፣ ጨው ትበያለሽ እንዴ?»

ቦርሳውን አየችው። በግራ እጇ ጄሶውን ማሻሸት ጀመረች።

«አልበላም።»

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?»

«ለድንጋዩ ነው» አለች።

አልገባኝም። ደግሜ ጠየቅኋት።

«ለድንጋዩ ነው አልኩሽ። ለመተላለፊያው። ጠዋት ጠዋት እበትንበታለሁ። በረዶ ሲጥል እንዳይጠነክር፣ ያ አረንጓዴውም እንዲሞት።» ቦርሳውን ከእጄ ተቀብላ ቀጠለች። «ልጅ ሆኜ ፒያሳ ኬክ ቤት ስሠራ ጄላቲ የምንሠራው በጨው አልነበረም? በረዶውን በርሜል ውስጥ እንከሰክስና ጨው እንነሰንስበታለን። ጨው የገባበት በረዶ ወዲያው ነው ውሃ የሚሆነው። አንቺ ነሽ የማታውቂው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትከለክይኛለሽ። አትውጪ፣ አትውረጂ፣ አትብዪ፣ አትንኪ። ሁሉን ትከለክያለሽ። እኔ እኮ እንደገና ብወድቅ ከአልጋ አልነሣም። ከዚህ በር እስከዚያ በር መሄድ እንደ ገደል ሆኖብኛል።»

እናቴ ፈርታ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን፣ የጎረቤትን ጀሪካን በመስኮት ስጠብቅ፣ የእሷን ፍርሃት አላየሁትም።

«ተከራዩ አይቶሻል?» አልኳት።

«አይቶኛል እንጂ። አንድ ጠዋት መጥቶ፣ እማማ ጨው አትክልት ያቃጥላል አለኝ። ልጄ እንዳትሰማ ማልልኝ አልኩት፤ ማለልኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ በትኜ ስቀመጥ ትንሽ ይታገሥና ውሃ ያፈስበታል። እኔ እበትናለሁ፣ እሱ ያጥባል። አልተነጋገርንም፤ እሱም ደስ ይለዋል፣ እኔም ደስ ይለኛል።»

አሲድ ይደፋል ብዬ ስለከሰስኩት እንደሚለቅ ነገርኳት። «ሂጂና ይቅርታ ጠይቂው» አለች። «እኔም እሄድ ነበር፤ እግሬን አላምነውም።»

አሁን የምጽፈው እንደ ኑዛዜ ይሁንልኝ፦ ይኼን ሁሉ ሰምቼም ጥርጣሬዬ ወዲያው አልለቀቀኝም። ምናልባት እናቴን የሚንከባከብ መስሎ አንድ ነገር ሊያገኝ ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ጠዋት መስኮት ላይ ቆምኩ። እናቴ ከረፋዱ በፊት እንዳትወጣ አድርጌያት ነበር፤ ድንጋዩ ላይ ጨው የለም። ሰውየው ጀሪካኑን ይዞ ወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አየ፣ በጣቱ ዳሰሰው። ምንም ሲያጣ ጀሪካኑን መልሶ ገባ። ከዚህ በኋላ የምጠረጥርበት አላገኘሁም።

ከሥራ ስወጣ፣ እትዬን ጠይቄ፣ ፒያሳ ሳይፈርስ በቀረው በኩል አሁን ወደሚሠራበት ቤት ሄድኩ። ከወርቅ ሱቆቹ ጀርባ፣ በጠባብ የእንጨት ደረጃ የሚወጣበት ክፍል ነው። ትንሽ መብራት ሥር ቀለበት እየሞረደ ነበር። ሲያየኝ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። እናቴ ሁሉን እንደነገረችኝ ነገርኩትና ይቅርታ ጠየቅሁት።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት። «አሲድ ስልዎት እንኳ።»

«ለእሳቸው ምያለሁ። እርስዎ ደግሞ የመጡት ሊጠይቁኝ አልነበረም፤ ፈርደው ነበር የመጡት።»

«አይልቀቁ» አልኩት። «እትዬንም እነግራቸዋለሁ።»

«ጉለሌ ክፍል ይዣለሁ። ቂም ይዤ አይደለም» አለና ቀለበቱን አነሣ። ቂም ይዞ እንደሆነ ፊቱ ላይ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም፣ አለመኖሩንም እርግጠኛ አልሆንኩም። ልወጣ ስነሣ ግን ራሱ አስቆመኝ። «እሳቸውን ዝም ብለው ጨው ቢከለክሏቸው ሌላ ነገር ይደፋሉ። በረኪና ይደፋሉ። የሚታጠበው ሁሉ ደግሞ ድልድዩ ሥር ወዳለው ወንዝ ነው የሚገባው። በረዶው ሲጥል ሳይቆይ በአካፋ ያንሡት፣ አረንጓዴውን በፈላ ውሃና በብሩሽ ይፈግፍጉት። ከዚያ እግር የሚይዝ ሻካራ ነገር ይበትኑ።»

«ምን ዓይነት ሻካራ?»

«እሱን ሞክረው ያግኙት።»

ሞከርኩ። መጀመሪያ ከእትዬ ምድጃ አመድ ለምኜ በተንኩ። በአንድ ዝናብ ጥቁር ጭቃ ሆነና በሰው እግር ሁለቱም ቤት ገባ፤ እትዬ ምንጣፋቸውን ይዘው ወጥተው ካሳዩኝ በኋላ ተውኩት። ከድልድዩ አካባቢ ካለ አናጢ ሰጋቱራ በማዳበሪያ አመጣሁ። ለሁለት ቀን ያዘ፣ ውሃ ሲጠግብ ግን ራሱ አዳለጠ፤ እኔው ነኝ ልወድቅ የደረስኩት። አሸዋውን ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። በመጨረሻ የሕንፃ ሥራ የሚሠራ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ ጠጠር ነገረኝ፤ ከእሳተ ጎመራ የቀረ፣ ቀላልና ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ነው። በመዶሻ አድቅቄ፣ ድንጋዩን ፈግፍጌ ካጸዳሁ በኋላ በተንኩት። ያዘ። በመገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ጎርፍም አልወሰደው። አትክልትም አይጎዳም፤ ሲበዛ ጠራርጌ መልሼ እጠቀምበታለሁ። ከዚያ ድንጋይ ጠራቢ አምጥቼ በጣም የለሰለሱትን ሰባት ድንጋዮች እንዲሻክሩ ፊታቸውን በመሮ አስወቀርኩ።

እናቴ ይኼን ሁሉ በረንዳ ላይ ሆና በጥርጣሬ ታየው ነበር። በዱላዋ ጠጠሩን ትጎረጉራለች፣ «ቀይ ነገር ደግሞ ለምን?» ትላለች። ጨው ይሻል ነበር የሚል ሐሳቧን እስከ ዛሬ አልለወጠችም። አንድ ቀን ምን ባደርግልሽ ነው የምታምኚው አልኳት። «የሚያዝ ነገር» አለች። «እጄ የሚይዘው።» በዚያው ሳምንት ብረት ሠሪ ጠርቼ ከበሩ እስከ ደጃፋችን የቱቦላሬ መደገፊያ አስበየድኩ። ጠዋት ጠዋት ጨው መበተኗን ያቆመችው ብረቱ ከቆመ በኋላ ነው። አቆመች እላለሁ እንጂ፣ የጨው ፓኬቱን አሁንም ስገዛ ቀኑን በልቤ እይዛለሁ።

መስከረም ላይ ትልቅ በረዶ ጣለ። ያባራው አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አካፋውን ይዤ ስወጣ እትዬም በመጥረጊያ ወጡ። ሁለታችን ከላይ እስከ ታች አጽድተን ጠጠሩን በተንን። እናቴ ጄሶው ተፈቶላት ነበር። ማንም ሳይላት ተነሥታ፣ ብረቱን በአዲሱ እጇ ጨብጣ፣ እስከ ውጭው በር ወጣችና ተመለሰች። ፊቷ አልተፈታም፤ እያንዳንዱን ድንጋይ ትክ ብላ እያየች ነው የሄደችው። ግን ሄደች።

ሰውየው በቀጠሮው ለቋል። ዕቃውን ሲጭን እናቴ አንድ ኪሎ ማር በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳማት። እኔን በእጅ ተሰናበተኝ። ባዶዋን ክፍል እትዬ እስካሁን አላከራዩአትም፤ ሰው ሲመጣ አይተው ይመልሱታል።

አንዳንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አየዋለሁ። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «እናትዎ እንዴት ናቸው?» ይለኛል። «ደህና ናት» እለዋለሁ። ስለ እኔ ጠይቆ አያውቅም። ተራው ሲደርስ ይገባል፣ እኔም የእኔን ታክሲ እጠብቃለሁ።